ስለ ስቲቭ ኬር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ ከተቀያሪ ወንበር እስከ ዘጠኝ ቀለበት

ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ደግሞ ኬር አሰልጣኙ፣ ከሪ ተጫዋቹ ነውና እንዳይምታታባችሁ።

ስቲቭ ኬር ማነው?

መልሱ እንደ ጠያቂው ዕድሜ ይለያያል። ኤንቢኤን (የአሜሪካን የቅርጫት ኳስ ሊግ) ማየት የጀመርከው ከ2014 ወዲህ ከሆነ ኬር ማለት የጎልደን ስቴት ወርየርስ አሰልጣኝ ነው። ስቴፈን ከሪን ይዞ አራት ዋንጫ የወሰደው፣ ሲበሽቅ የታክቲክ ሰሌዳውን የሚሰባብረው ሰውዬ። የ90ዎቹን ቺካጎ ቡልስ ላየ ሰው ግን ሌላ ነው። ከተቀያሪ ወንበር ተነስቶ ይገባል፣ ከመስመሩ ውጪ ቆሞ ይጠብቃል፣ ማይክል ጆርዳን ተከቦ ኳሷን ሲለቅለት ሦስት ነጥብ ያስቆጥራል፣ ከዚያ ተመልሶ ይቀመጣል።

በተጫዋችነት አምስት፣ በአሰልጣኝነት አራት፣ በድምሩ ዘጠኝ የሻምፒዮና ቀለበት አለው። ይህ ሁሉ ቀለበት ያለው ሰው የዓመቱ ኮከቦች ለሚጋጠሙበት ለኦል ስታር ጨዋታ አንድም ጊዜ ተመርጦ አያውቅም።

እውነት ቤይሩት ነው የተወለደው?

አዎ፣ ሴፕቴምበር 27 ቀን 1965። አጋጣሚ እንዳይመስላችሁ፣ ቤተሰቡ ከአካባቢው ጋር የቆየ ትስስር ነበረው። አያቱ ስታንሊ ኬር ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን ለመርዳት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ሄደው እዚያው ቀሩ፤ በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲም አስተማሩ። አባቱ ማልኮም ኬርም የተወለዱት ቤይሩት ነው። በኋላ የአረቡን ዓለም ፖለቲካ የሚያጠኑ ምሁር ሆነው ሎስ አንጀለስ፣ ዩሲኤልኤ ውስጥ ያስተምሩ ነበር።

ስለዚህ ልጁ ያደገው ሎስ አንጀለስ፣ ካይሮና ቤይሩት እየተመላለሰ ነው። ሎስ አንጀለስ ሲሆን ደግሞ በዩሲኤልኤ ጨዋታዎች ላይ ኳስ አቀባይ ነበር። በ1983 ክረምት ቤተሰቡን ሊጠይቅ ቤይሩት ሄዶ አውሮፕላን ማረፊያው ሲደበደብ እዚያው ነበር። በረራ ቀረ፣ በመኪና በሶርያ አቋርጦ ዮርዳኖስ ገብቶ ነው ወደ አሜሪካ የተመለሰው። የመጣው ኮሌጅ ሊጀምር ነበር።

አባቱ እንዴት ነው የሞቱት?

ማልኮም ኬር በ1982 የቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንት ሆኑ፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ ጋብ ባላለበት ጊዜ። ጃንዋሪ 18 ቀን 1984 ግቢው ውስጥ፣ ቢሮአቸው ደጃፍ ላይ ታጣቂዎች ተኩሰው ገደሏቸው። 52 ዓመታቸው ነበር። ስቲቭ የ18 ዓመት ልጅ፣ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው። መርዶው በስልክ፣ በሌሊት ደረሰው።

ከሁለት ቀን በኋላ አሪዞና ከአሪዞና ስቴት ጋር ጨዋታ ነበረበት። ልጁ እጫወታለሁ አለ። ለአባቱ የኅሊና ጸሎት ሲደረግ ቆሞ አለቀሰ፣ ከዚያ ተቀይሮ ገባ፣ የመጀመሪያ ኳሱን ከሩቅ ወርውሮ አስገባት። ቡድኑም አሸነፈ። ዩኒቨርሲቲው ያለበት የቱሳን ከተማ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁን እንደ ራሱ ልጅ ነው የያዘው።

ከአራት ዓመት በኋላ ያው ተጋጣሚ ሜዳ ላይ ጥቂት ደጋፊዎች በአባቱ ሞት እየተሳለቁ «ፒኤልኦ! ፒኤልኦ!» (የፍልስጤም ነጻ አውጪ ድርጅት ምህጻረ ቃል) ብለው ጮሁበት። ኬር ማሟሟቂያውን ትቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ እንባውም መጣ። ጨዋታው ሲጀመር በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ ስድስት ባለ ሦስት ነጥብ ወረወረ፣ ስድስቱም ገቡ።

ኮሌጅ ላይ ኮከብ ነበር?

ሲገባ ማንም አልፈለገውም ማለት ይቻላል። ቀርፋፋ ነው፣ ከፍ ብሎ አይዘልም፣ ሰውነቱ ቀጭን ነው። ራሱ ኬር እየሳቀ የሚያወራት ታሪክ አለች። ጎንዛጋ ዩኒቨርሲቲ ለሙከራ ሄዶ እዚያ የሚማር አንድ ፖይንት ጋርድ (ጨዋታ አቀናባሪ) አሳሩን አበላው፤ ልጁ ጆን ስቶክተን ይባላል። ይህችን ስም ያዙልኝ፣ እንመለስባታለን።

በመጨረሻ የወሰደው ሉት ኦልሰን ነው። ኦልሰን ያኔ አሪዞናን ገና መረከቡ ነበር፤ ቡድኑ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 4 ጨዋታ አሸንፎ 24 የተሸነፈ ስለሆነ መራጭ ለመሆን አቅሙም አልነበረውም። ኬር እዚያ አደገ። በ1986 በስፔኑ የዓለም ሻምፒዮና ከአሜሪካ ቡድን ጋር ተጉዞ ወርቅ አገኘ፣ ግን ከብራዚል ጋር በተደረገው ግማሽ ፍጻሜ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። አንድ ሙሉ ዓመት ከሜዳ ራቀ። የሚያናድደው ደግሞ የሦስት ነጥብ መስመር በመላው የአሜሪካ ኮሌጆች ውድድር ሥራ ላይ የዋለው ልክ በዚያው እሱ በተጎዳበት ዓመት ነው። መስመሩን ተጠቅሞ የተጫወተው የመጨረሻውን ዓመት ብቻ ነው፤ በዚያ አንድ ዓመት ከወረወራቸው 199 ውስጥ 114ቱን አስገባ። 57.3 በመቶ። አሪዞና ከሾን ኤሊየት ጋር እስከ ግማሽ ፍጻሜ ሄዶ በኦክላሆማ ተሸነፈ፤ የዚያን ዕለት ግን የኬር እጅ አልሠራም ነበር።

በስንት ቡድን ተጫወተ?

በስድስት። በ1988 ድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት) ፊኒክስ ሰንስ በሁለተኛው ዙር በ50ኛ ቁጥር መረጠው። ከአንድ ዓመት በኋላ ክሊቭላንድ ሄደ፣ ከዚያ ለጥቂት ወራት ኦርላንዶ፣ በ1993 ቺካጎ ቡልስ፣ በ1999 ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ፣ በ2001 ፖርትላንድ፣ በመጨረሻም ተመልሶ ሳን አንቶኒዮ። በ2003 ጫማውን ሰቀለ።

ቺካጎ ሲገባ ጆርዳን ቤዝቦል ልጫወት ብሎ የሄደበት ወቅት ነበር። «ከጆርዳን ጋር ለመጫወት ሄደ» የሚባለው እንግዲህ ትክክል አይደለም። ጆርዳን ነው ኬር ያለበት ቡድን ተመልሶ የመጣው።

እንደ ተጫዋች ስንት ነጥብ ያስቆጥር ነበር?

በአማካይ 6 ነጥብ በጨዋታ። አዎ፣ ስድስት። 910 ጨዋታ ተጫውቶ በቋሚነት የተሰለፈው በ30ው ብቻ ነው። ይህን ቁጥር ስነግራቸው ብዙዎች አያምኑኝም፣ ግን የሰውዬው የሥራ ዘመን በአጭሩ ይኸው ነው፦ ጥቂት ደቂቃ፣ ጥቂት ኳስ፣ ብዙ መጠበቅ።

ዋንጫዎቹ የ1996፣ የ1997፣ የ1998 ከቡልስ ጋር፣ የ1999 እና የ2003 ከስፐርስ ጋር ናቸው። ከ1996 እስከ 1999 በተከታታይ አራት ዓመት ሻምፒዮን ሆኗል። ከ1960ዎቹ የቦስተን ሴልቲክስ ዘመን ወዲህ አራት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈ ሌላ ተጫዋች የለም። በ1997 ደግሞ ክሊቭላንድ ላይ የተደረገውን የኦል ስታር የሦስት ነጥብ ውድድር አሸንፏል።

ማይክል ጆርዳን እውነት በቡጢ መታው?

መታው። ሁለቱም ተናግረውታል፣ ምንም ሐሜት የለበትም። ጊዜው የ1995 መኸር ነው፣ የቅድመ ውድድር ልምምድ ላይ። ጆርዳን ከቤዝቦል ተመልሶ በዚያው ዓመት ፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ባለው የጥሎ ማለፍ ዙር) በኦርላንዶ ተሸንፎ ስለነበር ንዴቱ አልበረደለትም፣ ልምምዱን ጦርነት አድርጎታል። ኬርን አላስቆም አላስቀምጥ አለው። ኬርም መለሰለት፣ ደረቱን ገፋው፣ ጆርዳን ዓይኑ ላይ አሳረፈበት። አሰልጣኙ ፊል ጃክሰን ጆርዳንን ከልምምድ አባረረው። ጆርዳን በኋላ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ።

ይህን ታሪክ «ያ ቡጢ ቡድኑን ሠራው» እያሉ የሚያሳምሩት አሉ። እኔ አይዋጥልኝም፤ ቡጢ ቡጢ ነው። ኬር ራሱ የሚለው ከዚያ በኋላ ጆርዳን ያከብረውና ያምነው እንደጀመረ ነው፤ ምክንያቱም ፊት ለፊት ቆሞ መለሰለት። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። የጆርዳንም አባት በ1993 በጥይት ተገድለዋል። አንድ መልበሻ ክፍል ውስጥ አባታቸውን በጥይት ያጡ ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ ኬር ከብዙ ዓመት በኋላ እንደተናገረው ግን ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን አንስተው አያውቁም።

የ1997ቷ ኳስ ምን የተለየ ነገር አላት?

ጁን 13 ቀን 1997፣ ስድስተኛው የፍጻሜ ጨዋታ (ዋንጫው ቀድሞ አራት ላሸነፈ ነው)፣ ቺካጎ። ቡልስ ከዩታ ጃዝ ጋር 86 ለ 86። ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። ቡድኑ በጠየቀው አጭር እረፍት ጆርዳን ወንበር ላይ ቁጭ እንዳለ ወደ ኬር ዞሮ የዩታው ስቶክተን ትቶህ ወደ እኔ ይመጣል፣ ተዘጋጅ አለው። ኬርም ከመጣ ዝግጁ ነኝ ብሎ መለሰ። ካሜራ ይዞታል።

ስቶክተን መጣ። ያ ጎንዛጋ ላይ ያንገላታው ስቶክተን! ጆርዳን ኳሷን ለቀቃት፣ ኬር ከነጻ ውርወራው መስመር ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀበላት፣ ወረወረ፣ ገባች። 5 ሰከንድ ቀረ። የቡድን ጓደኛው ፒፐን ቀጣዩን ኳስ ነጠቀ፣ ሌላው ጓደኛቸው ኩኮች ዳንክ አደረገ (ዘሎ ኳሷን ከላይ ቀለበቱ ውስጥ ጨመረ)፣ 90 ለ 86 አለቀ። ልብ በሉ፣ የታወቀው የሦስት ነጥብ ተኳሽ ትልቋ ኳስ ሁለት ነጥብ ነች።

ከዚያ በድል በዓሉ ላይ መድረክ ወጥቶ ታሪኩን ገልብጦ አወራው። እንደ እሱ አባባል ጆርዳን በእንዲህ ያለ ሰዓት መወርወር ብዙም አይመቸኝም ብሎ አሰልጣኙን ለመነ፣ እኔም «በቃ እንግዲህ እንደገና ማይክልን ላድነው» አልኩ ብሎ ሕዝቡን በሳቅ ገደለው። ጆርዳን ራሱ አጠገቡ ሆኖ ይስቅ ነበር።

በ2003 ዳላስ ላይ ምን ሠራ?

ይህ ታሪክ ከ1997ቱ ያነሰ ይወራል፣ እኔ ግን ከዚያ አስበልጠዋለሁ። ኬር 37 ዓመቱ ነው። በዚያ ፕሌይኦፍ ሜዳ የረገጠው እዚህ ግባ በማይባል ደቂቃ ነው። የምዕራቡ ፍጻሜ (የሊጉ ምዕራብ ምድብ ፍጻሜ) ስድስተኛ ጨዋታ፣ ዳላስ። ቶኒ ፓርከር ምግብ ተመርዞ ታሟል፣ ስፐርስ በሰፊ ልዩነት እየተመራ ነው። አሰልጣኙ ግሬግ ፖፖቪች ወደ ወንበሩ ጥግ አየና ሽማግሌውን ጠራ።

አራት ባለ ሦስት ነጥብ ወረወረ፣ አራቱም ገቡ። ስፐርስ መልስ ሳይሰጠው 23 ነጥብ በተከታታይ አስቆጥሮ 90 ለ 78 አሸነፈ። ከዚያ ኒው ጀርሲን በፍጻሜው አሸንፈው ኬር አምስተኛ ቀለበቱን ይዞ ወጣ። ሳምንታት ሙሉ ተቀምጦ የከረመ ሰው ቀዝቃዛ እጁን ይዞ ገብቶ አራት ከአራት ማስገባቱ የሚገባው በየቀኑ ለማይመጣ ጨዋታ ሲለማመድ ለኖረ ሰው ብቻ ነው።

ከመጫወት በኋላ በቀጥታ አሰልጣኝ ሆነ?

የለም፣ 11 ዓመት ቆይቷል። መጀመሪያ ቲኤንቲ ቴሌቪዥን ላይ የጨዋታ ተንታኝ ሆነ። በ2004 ፊኒክስ ሰንስን ከገዛው ቡድን ጋር ትንሽ ድርሻ ያዘ፣ ከ2007 እስከ 2010 ደግሞ የክለቡ ዋና ሥራ አስኪያጅ ነበር።

ያ ሥራ አልሰመረለትም፣ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ። በ2008 ሾን ማርየንን ሰጥቶ ሻኪል ኦኒልን አመጣ። በፍጥነት ሮጦ የሚያጠቃ ቡድን ውስጥ ከባዱን ሻክ ማስገባት! በዚያው ዓመት አሰልጣኙ ማይክ ዳንቶኒ ለቀቀ፣ የተካው ቴሪ ፖርተርም ዓመት ሳይሞላው ተባረረ። ኋላ ላይ አልቪን ጄንትሪ ቡድኑን አቅንቶ በ2010 የምዕራቡ ፍጻሜ ድረስ አደረሰው። ኬር ከዚያ ለቆ ወደ ቴሌቪዥን ተመለሰ። ቡድንን የሚያፋልስ ነገር ምን እንደሆነ ያየው እዚያ ይመስለኛል።

አሰልጥኖ የማያውቅ ሰው እንዴት ወርየርስን ተረከበ?

በ2014 ሁለት ክለብ ፈለገው። ፊል ጃክሰን የኒው ዮርክ ኒክስ ፕሬዝዳንት ሆኖ ስለነበር የድሮ ተጫዋቹን ጠራው፣ ኬርም እሺ ሊል ተቃርቦ ነበር። በመሀል ወርየርስ ማርክ ጃክሰንን አሰናበተና መጣ። የአምስት ዓመት ውል፣ 25 ሚሊዮን ዶላር። ልጆቹ ካሊፎርኒያ አካባቢ ስለነበሩ ለቤተሰቡም የሚቀርበው ይኼኛው ነበር። ለጃክሰን እምቢ ማለት ቀላል አልነበረም፤ ግን ኒክስ ከሪ የለውም፣ ክሌይ ቶምሰን የለውም፣ ድሬይመንድ ግሪን የለውም።

ብዙ ሰው «ከወንበር ተነስቶ መጣ» ብሎ ተቸው። ይሁንና ሰውየው የሠራባቸውን አሰልጣኞች ቁጠሩ፦ ኦልሰን፣ ሌኒ ዊልከንስ፣ ፊል ጃክሰን፣ ፖፖቪች። 910 ጨዋታ ላይ አብዛኛውን ሰዓት ከእነሱ አጠገብ ተቀምጦ ነው ያሳለፈው። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የት ይገኛል?

ወርየርስ ላይ በትክክል ምን ለወጠ?

ቅብብሉን። ከእሱ በፊት በነበረው ዓመት ወርየርስ ጥሩ ቡድን ነበር፣ 51 አሸንፎ 31 ተሸንፏል። ግን በጨዋታ በሚደረግ የቅብብል ብዛት ከሊጉ 30 ቡድኖች መጨረሻው ላይ ነበር። እንደ ከሪና ቶምሰን ያሉ ተኳሾች ይዞ! ከሪ ኳሷን አንጠባጥቦ ይመጣል፣ አንድ ሰው መከለያ ይሠራለታል (ተከላካዩን በሰውነቱ ይዘጋለታል)፣ የቀሩት ሦስቱ ቆመው ያያሉ። ኬር በጨዋታ 300 ቅብብል እፈልጋለሁ አለ። ከፊል ጃክሰን ትራያንግል (የሦስት ማዕዘን አጨዋወት) ቆረጠ፣ ከፖፖቪች የኳስ ዝውውር ወሰደ፣ ከፊኒክሱ ዳንቶኒ ፍጥነቱን ጨመረበት።

ዋናው ነገር ከሪ ኳስ ሳይዝ የሚሮጥ መሆኑ ነው። ኳሷን ለግሪን ይሰጣል፣ ከዚያ ይጠፋል፣ ከመከለያ ኋላ ዞሮ ሌላ ጥግ ላይ ብቅ ይላል። ተከላካዩ ኳሷን ይይ ወይስ ከሪን ይይ? ኬር ራሱ ኳስ ይዞ ሰው ማለፍ የማይችል ተጫዋች ስለነበር በሕይወቱ ሙሉ ነጻ ሆኖ የተገኘው በሌላ ሰው ቅብብል ነው። ስለዚህ ይህን ከወረቀት አላነበበውም። የመጀመሪያ ዓመቱ 67 ድል፣ 15 ሽንፈት፣ ዋንጫ። ለክለቡ ከ1975 ወዲህ የመጀመሪያው።

የ2015ቱን ፍጻሜ ያዞረው ለውጥ የማን ሐሳብ ነበር?

የእሱ አልነበረም፣ ራሱም አልደበቀም። ወርየርስ በክሊቭላንድ 2 ለ 1 እየተመራ ነበር። ኒክ ዩሬን የሚባል ወጣት ረዳቱ ቪዲዮ ሲያይ አምሽቶ ረጅሙን አንድሩ ቦገትን አስወጥተን አንድሬ ኢጉዳላን በቋሚነት እናሰልፍ አለ። ሐሳቡ እስከ ኬር ደረሰ፣ ኬርም ተቀበለው። ጋዜጠኞች ከጨዋታው በፊት አሰላለፍ ትቀይራለህ ወይ ሲሉት አልቀይርም አለ፤ ዋሸ። በኋላ ሲጠየቅ መዋሸቱን አምኖ፣ ዋንጫ የሚሰጡት በሥነ ምግባር አይደለም የሚል መንፈስ ያለው ቀልድ ጣለ፤ ወዲያው ደግሞ ሐሳቡ የዩሬን ነው ብሎ ለዓለም ተናገረ።

ወርየርስ ቀጣዮቹን ሦስት ጨዋታ አሸነፈ። ኢጉዳላ የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ይህ ሰው ከዚያ ዓመት በፊት በሥራ ዘመኑ ሁሉ ቋሚ ተሰላፊ ሆኖ ኬር ሲመጣ ወደ ተቀያሪነት የወረደ ነው። ያንን እንዲቀበል ያሳመነው ደግሞ 30 ጊዜ ብቻ በቋሚነት የተሰለፈው አሰልጣኝ ነው።

ወርየርስ 73 ጨዋታ ባሸነፈበት ዓመት ኬር ታምሞ አልነበረም እንዴ?

ነበር። በ2015 ክረምት ወገቡን ቀዶ ሕክምና ሲያደርግ የአከርካሪ ፈሳሽ ማፍሰስ ጀመረ። ራስ ምታቱ ሊለቀው አልቻለም፣ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምናም ተደረገለት። በኋላ ሰዎች ከቻሉ የወገብ ቀዶ ሕክምናን እንዲሸሹ ደጋግሞ መክሯል። የመጀመሪያዎቹን 43 ጨዋታዎች የመራው ረዳቱ ሉክ ዋልተን ነው፤ 39 አሸነፈ፣ 4 ተሸነፈ፣ ከዚህም ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 24 በተከታታይ የተገኙ ድሎች ናቸው። ግን በሊጉ ደንብ ድሉ ሁሉ የሚመዘገበው በዋና አሰልጣኙ ስም ስለሆነ 73 ለ 9 የሚባለው የኬር ነው። የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝም ተብሏል። ለዋልተን ትንሽ ይቆጫል።

ያ ቡድን የሰበረው የማንን ክብረ ወሰን ነበር? የ1996ቱን ቡልስ፣ 72 ለ 10። ኬር እዚያ ቡድን ውስጥ ነበር። አንዱ ልዩነት፣ ቡልስ ዋንጫውን ወስዷል፤ ወርየርስ ፍጻሜው ላይ 3 ለ 1 ሲመራ ቆይቶ በክሊቭላንድ ተቀደመ። በ2017 ሕመሙ ተመልሶ ማይክ ብራውን 11 የፕሌይኦፍ ጨዋታ መራለት፣ 11ዱንም አሸነፈ፣ ኬር ለሁለተኛው የፍጻሜ ጨዋታ ተመለሰ።

ዱራንት ባይመጣ እነዚያን ዋንጫዎች ይወስድ ነበር?

የ2017 እና የ2018 ዋንጫዎችን በተመለከተ ማንም በእርግጠኝነት ሊመልስ አይችልም። ኬቪን ዱራንት 73 ያሸነፈ ቡድን ላይ መጨመሩ ፍትሐዊ አልነበረም የሚሉ ሰዎች ንዴት ይገባኛል። ግን የ2015 እና የ2022 ዋንጫዎች ያለ ዱራንት የመጡ ናቸው። የ2022ቱ በተለይ። በ2019 ፍጻሜ ዱራንት የተረከዝ ጅማቱን፣ ቶምሰን ጉልበቱን ተጎድተው በቶሮንቶ ተሸነፉ፣ በቀጣዩ ዓመት 15 አሸንፈው 50 ተሸነፉ፣ የሊጉ ጭራ። ከዚያ በሁለት ዓመት ተመልሰው ቦስተንን 4 ለ 2 አሸነፉ።

ከአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ጋር ምን ውጤት አለው?

የተደባለቀ። በረዳትነት ከፖፖቪች ጋር በ2019 የዓለም ዋንጫ ሰባተኛ፣ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ወርቅ። በዋና አሰልጣኝነት በ2023 ማኒላ ላይ በጀርመን 113 ለ 111 ተሸንፎ አራተኛ ሆነ። በ2024 ፓሪስ ላይ ወርቅ፣ ግን ልብ ይሰቅል ነበር። ግማሽ ፍጻሜው ላይ ሰርቢያ ሰፊ ልዩነት ይዛ ስትመራ ቆይታ 95 ለ 91 ተገላገሉ፤ ከሪ 36 አስቆጠረ። ፍጻሜው ላይ ፈረንሳይን 98 ለ 87፣ ከሪ ስምንት ባለ ሦስት ነጥብ።

ጄሰን ታተምን ከሰርቢያ ጋር በተደረጉት ሁለቱም ጨዋታዎች ሳያስገባ መቅረቱ ግን ብዙ አስወቅሶታል። ገና ሻምፒዮን የሆነ ተጫዋች ነበር። ተጋጣሚው ትልልቅ ልጆች ስላሉት ነው የሚለው ምክንያት ያስኬዳል፤ ቢሆንም ለጥቂት ደቂቃ ማስገባቱ ምንም አይጎዳም ነበር ባይ ነኝ።

ለምንድን ነው ስለ ጠመንጃ ሁሌ የሚናገረው?

የአባቱን ታሪክ ከላይ አንብባችሁታል። ሜይ 24 ቀን 2022 ቴክሳስ ዩቫልዲ ውስጥ 19 ሕፃናትና ሁለት መምህራን በተገደሉበት ቀን ወርየርስ ዳላስ ላይ ጨዋታ ነበረው። ኬር ጋዜጠኞች ፊት ቁጭ ብሎ ዛሬ ስለ ቅርጫት ኳስ አልናገርም አለ፣ ጠረጴዛውን እየደበደበ የአሜሪካ ሴናተሮችን ወቀሰ፣ ተነስቶ ሄደ። በ2017ም የሙስሊም አገሮች ዜጎች ላይ የተጣለውን የጉዞ እገዳ ተቃውሟል። «ኳሱን ብቻ ያሰልጥን» የሚሉት አሉ፤ መብታቸው ነው።

ከሪ ባይኖር ኬር ምን ይሆን ነበር?

ይህ ጥያቄ የሚመጣው ከተቃዋሚ ደጋፊ ነው፣ ግን ተገቢ ነው። ማስረጃው ሁለት ነው፣ ሁለቱም ይጎረብጣሉ። ከሪ፣ ቶምሰንና ግሪን ኬር ሳይመጣ በፊትም ነበሩ፤ 51 ድል። ኬር ሲመጣ 67። በሌላ በኩል ከሪ ተጎድቶ 5 ጨዋታ ብቻ የተጫወተበት ዓመት ያ 15 ለ 50 የሆነው ዓመት ነው። ስለዚህ ከሪ ከሌለ ቡድኑ አይኖርም፣ ኬር ከሌለ ደግሞ ከሪ ኳስ ይዞ ሲደክም የምናይ ይመስለኛል። በማርች 2025 ኬር የቀድሞውን የክለቡን አሰልጣኝ አል አትልስን አልፎ በክለቡ ታሪክ ብዙ ጨዋታ ያሸነፈ አሰልጣኝ ሆኗል፣ ያንን ሁሉ በአንድ ተጫዋች ላይ ብቻ መለጠፍ ትንሽ ስንፍና ነው።

ኬር በሦስት ነጥብ ውርወራ መቶኛ የምንጊዜም አንደኛ ነው ይባላል፤ ታዲያ ከከሪ የተሻለ ተኳሽ ነው?

መቶኛው እውነት ነው። 45.4 በመቶ፣ ሊጉ በሚያስቀምጠው ዝቅተኛ መስፈርት መሠረት በኤንቢኤ ታሪክ ከፍተኛው። አንዳንዱ ወዲያው «መስመሩ ቀርቦ ስለነበር ነው» ይላል። ከ1994 እስከ 1997 ሊጉ መስመሩን ዙሪያውን ወደ 6.70 ሜትር አቅርቦት ነበር፣ ኬርም በ1994-95 52.4 በመቶ ያስገባው በዚያ መስመር ነው። ግን በ1989-90 ክሊቭላንድ ላይ በመደበኛው መስመር 50.7 በመቶ አስገብቷል። እጁ እጅ ነው።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ኬር በጨዋታ ሁለት እንኳን የማይሞላ ሦስት ነጥብ ነው የሚወረውረው፤ ብዙውን ጊዜ ቆሞ፣ ነጻ ሆኖ፣ ተከላካዩ ጆርዳንን እያሳደደ። ከሪ በጨዋታ ከአሥር በላይ ይወረውራል፣ ሁለት ሰው ተንጠልጥሎበት፣ እየሮጠ፣ ከመስመሩ ሁለትና ሦስት እርምጃ ርቆ። ስለዚህ ከሪ ይበልጣል፤ ኬርም ቢጠየቅ የሚለው ይህንኑ ነው። ኬር በ15 ዓመት ያስገባቸው ባለ ሦስት ነጥቦች በድምሩ 726 ናቸው። ከሪ በ2015-16 402፣ በ2016-17 ደግሞ 324 አስገባ። ደምሩት፤ 726። በሁለት ዓመት፣ በኬር አሰልጣኝነት። ኬር ታምሞ ከቀረባቸው ጨዋታዎች በስተቀር ሁሉንም ከወንበሩ ሆኖ አይቷል።